ለመርዶ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለሕሙሙም እናድርግለት

በአገራችን መርዶ ሥርዓት አለው። በሩቅ አገር ዘመዱ የሞተበት ሰው ወሬውን በገበያ መካከል ወይም በመንገድ ላይ ብቻውን ቆሞ እንዲሰማ አይደረግም። የቅርብ ሰዎች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ ማን እንደሚነግረው ይመርጣሉ፤ ከዚያም በማለዳ ተሰብስበው ወደ ቤቱ ይሄዳሉ። ቃሉ ሲነገር የሚደግፈው ክንድ ከጎኑ አለ። በኋላም ለቀናት አብሮት የሚያድር ዘመድ፣ በየተራ ምግብ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አያጣም። ይህን ሥርዓት የሠሩት ወላጆቻችን ድንገተኛ ክፉ ወሬ ጤነኛውንም ሰው ሊጥል እንደሚችል ከኑሮ ተምረው ነው።

ስለ ገዛ ሰውነቱ ክፉ ወሬ የሚሰማ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ሁሉ የለውም። «ካንሰር ነው» የሚለውን ቃል ሰልፍ በበዛበት ክፍል፣ በጥቂት ደቂቃ፣ ከቤቱ በብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል፤ ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከትቶም ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ በፕሮስቴት ካንሰር የተያዙ ወንዶች ከምርመራው ውጤት በኋላ የሚያልፉበትን የመንፈስ ፈተናና ሊያገኙት የሚገባቸውን ድጋፍ፣ በተለይም የምሥራቅ ጎጃሞቹን ቢቸናንና ሞጣን በዓይነ ልቡናችን እያየን፣ ለመመርመር እንሞክራለን። አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ፦ የሕመሙን ዜና በአግባቡ መንገርና ከነገሩ በኋላ ሕሙሙን አለመለየት የሕክምናው አካል ነው፤ ጊዜ ሲገኝ ብቻ የሚደረግ ቸርነት አይደለም።

ዕጢውና ሕመሙ

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ በታች የሚገኝ፣ የሽንትን ቧንቧ እንደ ቀለበት የከበበ፣ በወጣትነት ከትንሽ ሎሚ የማይበልጥ ዕጢ ነው። ሥራው የወንድ ዘር የሚጓዝበትን ፈሳሽ በከፊል ማመንጨት ነው። ዕድሜ ሲገፋ በብዙ ወንዶች ላይ ይተልቃል፤ ይህ መተለቅ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሽንት መቆራረጥ፣ ማጣደፍ፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሣት በሁለቱም ሊታዩ የሚችሉ ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ ሽንት ያስቸገረው ሁሉ «ነቀርሳ ያዘኝ» ብሎ መደንገጥ አይገባውም፤ «የእርጅና ነው» ብሎ መተውም አይበጀውም። ሽንት ላይ ደም ከታየ፣ ወይም የወገብና የአጥንት ሕመም ሰንብቶ ካልለቀቀ ደግሞ መዘግየት ፈጽሞ አይገባም።

ፒ.ኤስ.ኤ. የሚባለው የደም ምርመራ ዕጢው የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ይለካል። ይሁንና መጠኑ በካንሰር ብቻ ሳይሆን በኢንፌክሽንም ሆነ በተራ መተለቅ ይጨምራል። ቁርጡ የሚታወቀው ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። በሁለቱ ምርመራዎች መካከል የሚያልፉት የጥበቃ ሳምንታት ራሳቸው አንድ ፈተና ናቸው።

በሽታው ብርቅ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2022 ባወጣው ግምት፣ በዓለም ላይ በዚያ አንድ ዓመት 1.47 ሚሊዮን ያህል ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰር እንደተገኘባቸው፣ 397 ሺህ ያህሉም በዚሁ ሕመም እንደሞቱ ተገልጧል። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ማንበብ ይገባል፤ ሕመሙ ከተገኘባቸው ወንዶች ብዙዎቹ የሚሞቱት በእርሱ አይደለም። በብሪታንያ ዕጢያቸውን ሳይሻገር በጊዜ የተገኘላቸው 1,643 ወንዶች በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል ቀዶ ሕክምና፣ ሁለተኛው ጨረር፣ ሦስተኛው በቅርብ ክትትል ብቻ እንዲደረግለት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከ15 ዓመታት በኋላ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት በሦስቱም ክፍሎች ከ100 ሰዎች 3 ያህል ብቻ ነበሩ። በእኛ አገር ብዙ ሕሙማን ሕክምና ቤት የሚደርሱት ሕመሙ ከተዛመተ በኋላ በመሆኑ ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ ቢቸና ማምጣት ስሕተት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል፦ «ካንሰር» የሚለው ቃልና «ሞት» የሚለው ቃል አንድ አይደሉም።

ለተዛመተውም ሕመም ቢሆን መፍትሔ አለ። ቻርልስ ሃጊንስ የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1941 የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው በወንዴው ሆርሞን በቴስቶስቴሮን እየተረዳ መሆኑን፣ ሆርሞኑ ሲቀንስም ሕመሙ እንደሚያፈገፍግ አሳዩ፤ በዚህም እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬም ሆርሞኑን በመርፌ ወይም ቆለጥን በቀዶ ሕክምና በማውጣት መቀነስ የብዙ ሕሙማንን ሥቃይ ያስታግሣል፤ ዕድሜም ይጨምራል። እዚህ ላይ ግን ሕክምናው የሰውነትን ብቻ ሳይሆን የመንፈስንም ጓዳ ይነካል። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት መንገዱን እንመልከት።

የመንገዱ ርዝመት

ከቢቸና አካባቢ የመጡ አንድ የ65 ዓመት ገበሬ በምናባችን እናስብ። ሽንታቸው ከተቸገረ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ለባለቤታቸው እንኳ በግልጥ አልተናገሩም። በመጨረሻ ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። በቢቸናም ሆነ በሞጣ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ለከፍተኛ ምርመራና ሕክምና ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ግድ ይሆናል። ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቢቸና እስከ አዲስ አበባ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ። የጨረር ሕክምና ከሃያ ዓመታት በላይ በመላ አገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እንደ ጅማ ያሉ ማዕከላት የተጨመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በክልሉ የተፈጠረው ግጭት ደግሞ ይህንኑ መንገድ ይበልጥ አክብዶታል።

እኒህ አባት በሬ ሸጠው ወይም ልጃቸው ተበድሮላቸው ከተማ ይደርሳሉ። የማያውቁት ከተማ፣ የማያውቁት ሰው፣ ያልለመዱት ቋንቋ ይገጥማቸዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆኑም የሕክምናው አማርኛ ለእሳቸው ሌላ ቋንቋ ነው። ውጤቱን ከሰሙ በኋላ በአውቶቡስ መስኮት በኩል እየተመለከቱ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። እቤት ሲደርሱ «ምን አሉህ?» ተብለው ሲጠየቁ «ደኅና ነው፤ መድኃኒት ሰጡኝ» ይላሉ። ሰውዬው የምናባችን ናቸው፤ ይህ መልስ ግን በብዙ ቤቶች የሚሰማ መልስ ነው።

ዜናው በአእምሮና በሰውነት ላይ

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሁሉ የከፉ መሆናቸውን ሳይንስ ያረጋግጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የስዊድን ጥናት፣ የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው በተነገራቸው ወንዶች ላይ የልብና የደም ሥር አደጋና ራስን የማጥፋት አደጋ ከዜናው በኋላ ወዲያውኑ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ዕጢው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ያን ያህል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውዬው ያወቀው ነገር ነው። ዜና ብቻውን ሰውነትን ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ እንሻለን?

አንዳንዱ ሕሙም በመጀመሪያ «ተሳስተው ይሆናል» ይላል። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዱ «ምን በድዬ ነው?» ብሎ ጥፋቱን በኃጢአቱ ወይም በጠላት ሥራ ይፈልጋል፤ ሌላው ዝም ይላል። እነዚህ ስሜቶች እንደ መሰላል ደረጃ በተራ የሚመጡ አይደሉም፤ በአንድ ቀን ሁሉም ሊመጡ፣ አልፎ የሄደው ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። በእኛ አገር ደግሞ ጭንቀት ብዙ ጊዜ በሰውነት ቋንቋ ይናገራል። ሕሙሙ «አዝኛለሁ» አይልም፤ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «እህል አልዋጥ አለኝ» ይላል። ይህን የሚሰማ ባለሙያ የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ቢያሰናብተው ሕመሙን ሳያገኘው ቀረ ማለት ነው።

የሚያሳስበውን ሐዘን ከተራው ለመለየት የሚያግዙ ሁለት ቀላል ጥያቄዎች አሉ፦ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቀድሞ ደስ ይሉህ የነበሩት ነገሮች አላስደስት ብለውሃልን? ልብህ ተሰብሮ፣ ተስፋ ቆርጠህስ ታውቃለህን?» መልሱ በአብዛኞቹ ቀናት «አዎ» ከሆነ ሕሙሙ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ሊያየው ይገባል። «ብሞት ይሻለኛል» ብሎ የሚናገር ሰው ደግሞ ብቻውን አይተውም፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። «እንዲህ ያለ አሳብ መጥቶብሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም፤ ይልቁንም ሸክሙን የሚያራግፍበትን በር ይከፍትለታል።

ወንድነትና ዝምታ

ምሥራቅ ጎጃም የጀግንነት አገር ነው። ቢቸና ሲነሣ የአርበኛው የበላይ ዘለቀ ስም አብሮ ይነሣል። በፉከራና በቀረርቶ ያደገ ወንድ ጠላትን እንዴት እንደሚመክት ተምሯል፤ «ፈራሁ» ማለትን ግን ማንም አላስተማረውም። «ሆድ ይፍጀው» ብሎ መቻል እንደ ክብር ይቆጠራል። የፕሮስቴት ካንሰር ደግሞ የሚነካው ስለ እርሱ መናገር ነውር የሆነውን የሰውነት ክፍል ነው። ሕክምናው ሽንትን ያለመቆጣጠር፣ የግብረ ሥጋ ፍላጎትን ወይም ችሎታን የማጣት፣ የሰውነት ትኩሳትና ድካም፣ የስሜት መለዋወጥ ሊያስከትል ይችላል። ቆለጡ በቀዶ ሕክምና የሚወጣለት ሰው ልቡ የሚፈራው ቢላዋውን አይደለም፤ «ተሰለበ» የሚለውን ቃል ነው። ይህን ፍርሃት ሐኪሙ ካላነሣው ሕሙሙ አያነሣውም፤ ሳያነሣውም ሕክምናውን ትቶ ሊጠፋ ይችላል።

ባለቤቲቱም የዚህ ዝምታ ተካፋይ ናት። ባሏ ከመኝታ ሲርቃት ምክንያቱን ካላወቀች ሌላ ታስባለች። የመድኃኒቱ ውጤት እንጂ የፍቅሩ መቀዝቀዝ አለመሆኑን ሁለቱም በአንድነት ከባለሙያ ቢሰሙ ብዙ ትዳር ከጥርጣሬ ይድናል።

ከአፍሪካ ታላላቅ ሰዎች ሁለቱ ስለዚህ ሕመም በአደባባይ መናገር ወንድነትን እንደማያጎድል አሳይተዋል። ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሕመሙ የተገኘባቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመታት በላይ ኖረው እ.ኤ.አ. በ2021 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ኔልሰን ማንዴላም እ.ኤ.አ. በ2001 ሕመሙ በተገኘባቸው ጊዜ ለሕዝብ ተገልጦ የጨረር ሕክምና አደረጉ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ኖሩ። ሃያ ሰባት ዓመት በእስር ቤት ያልተሰበረ ሰው «ታምሜአለሁ» ካለ፣ የእኛ አባቶች ይህን ማለት የሚያሳፍራቸው በምን ምክንያት ነው? «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባልም የራሳችን ነው።

ካለን ነገር እንጀምር

በመጀመሪያ፣ አነጋገሩ ሊታሰብበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2000 በካንሰር ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ባለ ስድስት ደረጃ መመሪያ ታትሟል። ጸጥ ያለ ቦታ አዘጋጅ፤ ሕሙሙ የሚያውቀውን ጠይቅ፤ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ጠይቅ፤ በቀላል ቋንቋ ንገረው፤ ስሜቱን ተቀበል፤ ቀጥሎ የሚሆነውን አብራችሁ ዐቅዱ ይላል። ይህን ሥርዓት ከመርዶ ጋር ያስተያየ ሰው እንግዳ ነገር አያገኝበትም። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በእኛ አገር ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ለእሱ እንዳትነግሩት፤ ይሞትብናል» ብሎ ሐኪሙን ይለምናል። ልመናው ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን ያልተነገረው ሰው ለምን መርፌ እንደሚወጋ አያውቅም፤ ርስቱን አያስተካክልም፤ ልጆቹ ለምን እንደሚንሾካሾኩ እየገመተ ብቻውን ይፈራል። ስለዚህ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ የሚጠየቀው ራሱ ሕሙሙ ይሁን፤ ከጎኑ የሚቀመጠውንም ሰው ራሱ ይምረጥ።

«ሐኪሙ ጊዜ የለውም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ደጅ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነው። ስለዚህ ሸክሙ በሐኪሙ ጫንቃ ላይ ብቻ አይጣል። በቢቸናና በሞጣ ሆስፒታሎች የካንሰር ሕሙማንን ጉዳይ በኃላፊነት የሚከታተል አንድ ነርስ ቢመደብ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የተመለሰው ሕሙም ወረቀቱን ይዞ የሚሄድበት ፊት ያገኛል። ወረቀቱን የሚያነብለት፣ የቀጠሮውን ቀን የሚያስታውሰው፣ ሁለቱን ጥያቄዎች የሚጠይቀው፣ ሥቃይ ሲበረታበት ማስታገሻ እንዲያገኝ የሚያሳስብለት እርሱ ይሆናል። ለዚህ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሕሙም ለሕሙም ከሁሉ የበለጠ መካሪ ነው። አገራችን ይህን በኤች.አይ.ቪ. ዘመን በተግባር አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደ መቅድም ኢትዮጵያና ተስፋ ጎህ ያሉ ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ፊታቸውን ገልጠው በመናገራቸው ያኔ ሊጠራ የማይቻል የነበረው ስም ዛሬ ተራ ቃል ሆኗል። የካንሰርንም ነገር የጀመሩ አሉ። ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከየክፍለ ሀገሩ ለሚመጡ ሕሙማን በአዲስ አበባ ማረፊያ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያም ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄደ ይንከባከባል። እነዚህ በአዲስ አበባ ያሉ ናቸው፤ በሞጣ ገበያ ቀን ግን ለሕክምና የመጡ አምስት ወንዶች በሆስፒታሉ ግቢ አንድ ሰዓት አብረው እንዲቀመጡ ማድረግ ማንን ይከብዳል? «እኔም እንዳንተ ነበርኩ፤ ይኸው ሦስት ክረምት አረስኩ» የሚል ሰው የሚሰጠውን ተስፋ ሐኪም ሊሰጥ አይችልም።

ሦስተኛ፣ ዕድሩ፣ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ለሞተ ብቻ አይቁሙ። መኪና ባልነበረበት ዘመን ሕሙምን በቃሬዛ ተሸክመው፣ በየተራ ትከሻ እየተለዋወጡ ወደ ሕክምና ያደርሱ የነበሩት ጎረቤቶች ናቸው። በኤች.አይ.ቪ. ዘመንም ብዙ ዕድሮች ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ለመርዳት ደንባቸውን አሻሽለዋል። ዛሬ ቃሬዛው የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮና በከተማ አብሮ የሚውል አንድ ሰው ሆኗል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለምን?

አራተኛ፣ የንስሐ አባቶችና የሼሆቻችን ቃል ከእኛ ከጸሐፊዎቹ ቃል ይልቅ ይሰማል። ሕሙሙ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ጸበል ወይም ወደ ዱዓ ነው፤ ይህን መንቀፍ አይገባም፤ ብዙዎች ብርታት ያገኙበታልና። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፦ «መድኃኒትህን አታቋርጥ፤ ቀጠሮህን አትርሳ፤ ሕመሙም የኃጢአትህ ደመወዝ አይደለም» ይበሉት።

ማጠቃለያ

ከሞጣ በስተሰሜን ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመካከሉ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች እየጎተቱት ገደሉን ይሻገር ነበር። ገመዱን የሚይዙለት ሰዎች ባይኖሩ የመንገደኛው ጀግንነት ብቻውን አያሻግረውም ነበር። ለሕሙሞቻችን የጨረር ማዕከል በየክልሉ እስኪሠራ ድረስ እንታገላለን፤ እስከዚያው ግን ገመዱን መያዝ በእጃችን ነው።

በመጨረሻም ለዚህ መጽሔት ወጣት አንባቢያን አንድ አደራ አለን። ለዕረፍት ወደ ቢቸና፣ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ሌላው አገራችሁ ስትመለሱ፣ አባታችሁ ሌሊት ደጋግመው ሲነሡ ብትሰሙ ነውር ነው ብላችሁ አትለፉ። «አባዬ፣ ሽንት እንዴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «ደኅና ነው» ቢሆን እንኳ ሌላ ቀን ደግማችሁ ጠይቁ። ወደ ሐኪም የሚሄዱ ከሆነም ብቻቸውን አይሂዱ፤ ውጤቱ በሚነገርበት ክፍል ውስጥ ከጎናቸው ተቀመጡ። እኛ ለሞት መርዶ ሰው ሰብስበን የምንሄድ ሕዝብ ነን፤ ለሕያው አባታችን አንድ ወንበር ከጎኑ መያዝ አያቅተንም።